ከዓለም ገና እስከ ጢያ፦ የጥንት ድንጋዮችን በሁለት ቀን ረጋ ብሎ ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በዓለም ገና መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ሰበታና ወደ ጅማ ሲቀጥል ግራው ወደ ቡታጅራ ይወርዳል። ይህ መመሪያ የሚናገረው ስለ ግራው ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተን ብንለካ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ውስጥ የሰው ልጅ ድንጋይን የሠራባቸው ሦስት መንገዶች ይገኛሉ። በመልካ ቁንጡሬና ባልጩት በተባለው ስፍራ ድንጋይ ተመትቶ ስለት ሆኗል፤ በጢያ ገጹ ተቀርጾ የመቃብር ምልክት ሆኗል፤ በአዳዲ ማርያም ደግሞ ውስጡ ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል።

ደረቅ ተራሮችን፣ የዋሻ ሥዕሎችንና ያረጀ ከተማን በአንድ ጉዞ ለማየት የሚናፍቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ምሥራቁን ነው፤ የለገ ኦዳን ሥዕሎች በድሬዳዋ አካባቢ፣ ቀጥሎም የሐረርን ግንብ። ምኞቱ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በድንጋይ ላይ የተሠራን የጥንት እጅ ማየት ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ ዓይንን ለማሠልጠን ከከተማችን ዳር የሚጀምረው ይህ መንገድ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ሦስቱንም ቦታዎች በግማሽ ቀን አዳርሶ ይመለሳል። እኔም የመጀመሪያውን ጉዞዬን ያደረግሁት እንዲሁ ነበር። ጢያ የደረስሁት ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለነበረች በድንጋዮቹ ላይ ያሉት ሰይፎች ከድንጋዩ ቀለም ጋር ተመሳስለው ለማየት አስቸገሩኝ። ያነሣኋቸው ፎቶግራፎችም ግራጫ ድንጋይ ብቻ አሳዩ። ከወራት በኋላ ከቡታጅራ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት እዚያው ቆምሁ፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ጥላ ይዞ ብቅ ብሎ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የጉዞዬን ሰዓት የምወስነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በፀሐይ ማዘንበል ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም በሙሉ የተዘጋጀው በዚህ አሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ወቅትና ቀን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ከሁሉ ይሻላሉ። ሰማዩ የጠራ በመሆኑ ጥላው ይጎላል፤ መሬቱም ደርቆ ይጠብቃል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ብርሃኑን ስለሚበትነው በጢያ የሚታየው ነገር ይደበዝዛል፤ ወደ አዳዲ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድም ዋልካው ሲርስ መኪና ይይዛል። የካቲትና መጋቢት ለእይታ መጥፎ አይደሉም፤ አቧራውና ሙቀቱ ግን ያደክማል።

ከቀናቱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አዳዲ ማርያም የምታገለግል ቤተ ክርስቲያን እንጂ ባዶ ቅርስ አይደለችም። በእሑድ ቅዳሴና በየወሩ በ21፣ ይልቁንም በኅዳር 21 እና በጥር 21 ምእመናን ይበዙባታል። የሚሄዱት ለማስቀደስ ከሆነ እነዚህ ቀናት እጅግ የተወደዱ ናቸው፤ ግድግዳውን ቀርበው ለመመርመር ከሆነ ግን የሌላ ሰው ጸሎት ላይ እንዳይቆሙ ሌላ ቀን ይምረጡ።

በዋዜማው የመንገዱን ሁኔታና ደኅንነት መጠየቅ የማይታለፍ ተግባር ነው። በዓለም ገና የሚቆሙ የቡታጅራ ሾፌሮች ዕለት በዕለት ስለሚመላለሱ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። በምሽት ረጅም መንገድ መጓዝን ከዕቅዱ ማውጣት ይገባል፤ የሁለት ቀን ዕቅድ ያስፈለገበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሚያዙ ዕቃዎች

ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ኮፍያ፣ ጠንካራ መጫሚያና ለማታው ብርድ የሚሆን ጃኬት ይያዙ፤ አብዛኛው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ በሁለት ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ረጅም ቀሚስና ነጠላ ቢይዙ ይመረጣል። መታወቂያና ዝርዝር ብርም ያስፈልጋሉ፤ መቶና ሁለት መቶ ብር የሚመነዝር ሰው በየቦታው አይገኝም።

ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማይዛቸው፣ እኔ ግን ከካሜራ በፊት የማስቀድማቸው አራት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው እርሳስና መሥመር የሌለው ደብተር ነው። ሁለተኛው አጭር ማስመሪያ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከቅርጹ አጠገብ ሳይነካው ተይዞ የቅርጹን መጠን ያሳያል። ሦስተኛው ነጭ ካርቶን ወይም የኪስ መስታወት ነው፤ በጥላ ውስጥ ወዳለ ገጽ ብርሃንን በጎን ለመመለስ ያገለግላል። አራተኛው የእጅ ባትሪ ነው። ኖራ፣ ጠመኔ፣ ከሰልና በድንጋይ ላይ ለጥፎ ለመቅዳት የሚሆን ወረቀት ፈጽሞ አይያዙ። ቅርጽን አጉልቶ ለማየት ጠመኔ መቀባትም ሆነ ውሃ ማፍሰስ ድንጋዩን የሚጎዳ ሥራ ነው፤ ለዚያ የሚሆነው ብርሃን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ከዓለም ገና መነሣት

የራስ መኪና ያለው ሰው ጠዋት በአንድ ሰዓት ከዓለም ገና ቢነሣ በቂ ነው። የሌለው ደግሞ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ለመልካ ቁንጡሬ ቅርብ በሆነችው መልካ አዋሽ ላይ እንደሚወርድ አስቀድሞ ለረዳቱ ይንገረው፤ ሙሉውን የቡታጅራ ዋጋ መክፈል ሊያስፈልግ ስለሚችል ከመሳፈር በፊት መነጋገር ቅሬታን ያስቀራል። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከሆናችሁ መኪና ለሁለት ቀን መከራየት ከሁሉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ባልጩትና አዳዲ ሁለቱም ከአስፋልቱ ወጣ ያሉ ናቸው።

ከመነሣታችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ፉሪና ወጨጫ የምንላቸው ተራሮች የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪቶች ናቸው። በመንገዱ ሁሉ የምታዩት ነገር ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዘ ነው። ባልጩት የሚባለው ድንጋይ ቶሎ የቀዘቀዘ የቀለጠ ዐለት ነው፤ በመልካ ቁንጡሬ አጥንቶቹንና መሣሪያዎቹን ሸፍኖ ያቆያቸውም፣ ዕድሜያቸው እንዲለካ ያስቻለውም ከእሳተ ገሞራ የተተፋው አመድ ነው። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ቀጥሎ የሚያየው የገደል ንጣፍ ተራ አፈር አይመስለውም።

መልካ ቁንጡሬ፦ የሁለት ሰዓት ተኩል ቆይታ የሚገባው ቦታ

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ወንዙም አዋሽ ነው። ይኸው አዋሽ ከዚህ ደጋ ወርዶ አፋር በረሃን አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ሉሲ በ1974 የተገኘችው በዚሁ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ፣ በሐዳር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታውን በ1963 ለጥናት ያስተዋወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን መራ፤ ከ1999 ወዲህ ደግሞ የሮማው ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን ቀጥሎበታል። በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል።

ትኬት ከቆረጡ በኋላ በቀጥታ ወደ ቁፋሮው አይሂዱ። በክብ ቤቶች የተሠራውን ሙዚየም በዚህ ቅደም ተከተል ይመልከቱ፦ በመጀመሪያ ስለ መሬቱ አፈጣጠርና ስለ እሳተ ገሞራ የሚናገረውን፣ ቀጥሎ የድንጋይ መሣሪያዎቹን፣ በመጨረሻ የአጥንት ቅሪቶቹን። ብዙ ጎብኚ አጥንቱን አስቀድሞ ይፈልጋል። ነገር ግን ንጣፉ እንዴት እንደተደራረበ ያላወቀ ሰው አጥንቱ ለምን ያን ያህል እንዳረጀ ሊገባው አይችልም።

በመሣሪያዎቹ ዘንድ ቆም ይበሉ። የቀደሙት፣ ኦልዶዋን የሚባሉት፣ ጥቂት ጊዜ ተመትተው ስለት የወጣላቸው ድንጋዮች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት የአሹሊያን ዘመን የእጅ መጥረቢያዎች ግን በሁለት ወገን የተመቱ፣ ቅርጻቸውም አስቀድሞ በአእምሮ የታሰበ ነው። ከሙዚየሙ ሳይወጡ የሁለቱን ልዩነት በደብተርዎ ላይ በእጅዎ ይሣሉት፤ የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም፤ እጅ ሲከተለው ዓይን የዘለለውን ያስተውላል።

እዚህ ስለተገኙት ነገሮች ሁለቱን ሁልጊዜ አብረውኝ ለሚሄዱ ሰዎች እነግራለሁ። አንደኛው በ1981 ጋርባ ከተባለው ክፍል የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ነው፤ በ2023 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርሶ ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው፣ ከዛሬው ሰው በፊት የኖረ የሰው ዘር መሆኑን ገልጿል። ሁለተኛው ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ክፍል የተገኘውና 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የእግር አሻራ ነው፤ ከአሻራዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች ይገኙበታል። ጉማሬ ታርዶ የተበለተበት፣ ድንጋይ የተመታበት ስፍራ ላይ ልጆች ከትልልቆቹ ጋር ነበሩ ማለት ነው። እኔ በዚያ ገደል ላይ ስቆም ይህን ሳላስብ አልፌ አላውቅም፤ በደጋው ብርድ፣ በወንዝ ዳር፣ ልጅ ይዘው።

ከሙዚየሙ ወደ ጎምቦሬ የሚወስደው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። በዚያ ከተቆፈረ በኋላ እንዳለ የተተወ ወለል በመጠለያ ሥር ይታያል። እንደ ቁፋሮ ባለሙያ ለማየት የሚከተለውን ይሞክሩ። ከአንድ ጥግ ይጀምሩና በዓይንዎ ብቻ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ክፍል ይምረጡ። በዚያ ውስጥ ክብ የወንዝ ጠጠር ስንት እንዳለ፣ ስለት ያለው ስንት እንዳለ፣ አጥንት የሚመስል ስንት እንዳለ ይቁጠሩ። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ይለፉ። አስጎብኚውን የሚጠይቁት ከቆጠሩ በኋላ ይሁን፤ ያኔ ጥያቄዎ የራስዎ ይሆናል።

ባልጩት፦ ስለትን ማንበብ

ባልጩት ከመልካ ቁንጡሬ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የሚገኝ ስለሆነ በመኪና የመጡ ሰዎች ከሙዚየሙ አስጎብኚ ይዘው ቢመለሱ ጥሩ ነው። በሚኒባስ የመጡ ሰዎች ቢተዉት አልቃወምም፤ የቀኑ ማምሻ ለጢያ መቆጠብ አለበትና።

ቦታው የገበሬ መሬት ነው። ጤፍና ስንዴ ከተዘራበት በድንበሩ መሄድ ይገባል። ሰው ሲያገኙ ቆም ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ በኦሮምኛ «አካም» ማለት ብቻ እንኳ ፊትን ያፈታል። መሬቱ በጥቁር፣ በሚያብረቀርቅ ስብርባሪ ተሸፍኖ ያገኙታል። ባልጩት የተፈጥሮ መስታወት ስለሆነ ሲመታ እንደ መስታወት ይሰበራል፤ ጠርዙም ከብረት ምላጭ የማይተናነስ ስለት ያወጣል። በጎርፍ ወይም በእንስሳ ኮቴ የተሰበረውን ሰው ከመታው ለመለየት ጎንበስ ብለው፣ ሳያነሡ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይመልከቱት።

በመጀመሪያ ምቱ ያረፈበትን ትንሽ ጠፍጣፋ ገጽ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በወፍራሙ ጫፍ ላይ ነው። ቀጥሎ ከዚያ ገጽ በታች በለስላሳው ሆድ በኩል ትንሽ እብጠት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ይህ ምቱ የገባበት ኃይል የተወው ምልክት ነው። ከእብጠቱ ጀምሮ በኩሬ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚነሣው ያሉ የሞገድ መሥመሮች ወደ ታች ይሰፋሉ። በመጨረሻ ጀርባውን ይዩ፤ በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ጠባሳዎች ካሉ ከዚህኛው በፊት ሌሎች ስለቶች ከዚያው ድንጋይ ወጥተዋል ማለት ነው። አራቱም በአንድነት ከተገኙ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን በድፍረት መናገር ይቻላል፤ አንዱ ብቻ ከተገኘ ግን ጠርጥሮ ማለፍ ይሻላል።

በዚያ መሬት ላይ ካለው ስብርባሪ አብዛኛው እጅግ ያረጀ አይደለም። ባልጩትን መምታት በአገራችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዘለቀ ሙያ ነውና፤ በደቡቡ ክፍል የሚኖሩ ቆዳ ፋቂ ባለሙያዎች የባልጩት መፋቂያ በእንጨት እጀታ ላይ ተክለው ሲሠሩበት ኖረዋል። በዚሁ በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ፣ ሲምቢሮ በተባለ ስፍራ፣ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የባልጩት የእጅ መጥረቢያ መሥሪያ መገኘቱን በ2023 የወጣ ጥናት አሳውቋል። በአንድ ዓይነት ድንጋይ ላይ ይህን ያህል ዘመን የዘለቀ ሙያ በከተማችን አፍንጫ ሥር እያለ ልጆቻችን ስሙን እንኳ አለመስማታቸው ያሳዝነኛል።

አንድም ስባሪ ኪስዎ ውስጥ እንዳይገባ። መሬቱ የሞላው ስለሚመስል የአንድ ሰው ማንሣት ምንም አይጎዳም ይባላል፤ ነገር ግን የድንጋይ መሣሪያ ዋጋው በወደቀበት ቦታ ላይ ነው። ከቦታው የተነሣ መሣሪያ ለአጥኚ የሚነግረው ነገር እጅግ ያነሰ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። የተለየ ነገር ካዩ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ቦታውን መዝግበው ለሙዚየሙ ሰዎች ይንገሩ።

ማምሻውን በጢያ

ምሳ በመልካ አዋሽ በልተው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጢያ ለመድረስ ይነሡ። መንደሩ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት አጥር በእግር ይደረሳል። አካባቢው የሶዶ ጉራጌ ነው፤ በሶዶ ምድር እስካሁን ከታወቁት ወደ 160 የሚሆኑ ተመሳሳይ ስፍራዎች መካከል ጢያ ዋነኛው ነው። በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 36 ድንጋዮች የተቆጠሩ ሲሆን 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው።

ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ካሜራም ሆነ ስልክ አያውጡ። ድንጋዮቹን በሙሉ አንድ ጊዜ ዙሩ፤ እያንዳንዱን ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎን እዩ። የትኛው ገጽ ብርሃን እንደሚመታው፣ የትኛው በጥላ ውስጥ እንዳለ በደብተር ላይ መዝግቡ፤ በጥላ ውስጥ ያሉት ለነገ ጠዋት የሚቀሩ ናቸው። ይህ መዝገብ ነገ ጊዜ ይቆጥብላችኋል።

ቀጥሎ ሦስት ድንጋይ ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ለማየት መሮጥ ሁሉንም አለማየት ነው። ሰይፍ የበዛበትን አንድ፣ ክብ ቅርጽ ያለበትን አንድ፣ ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል የሚመስል ምልክት ያለበትን አንድ ብትመርጡ የቦታውን ዋና ዋና ምልክቶች ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ፊት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ፀሐይዋ ዝቅ ባለች ቁጥር በድንጋዩ ገጽ ላይ በአግድም ስለምታልፍ ትንሹ ጉድጓድ እንኳ ጥላ ይይዛል፤ በአሥር ሰዓት ያልታየ መሥመር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጎልቶ ይወጣል። የሰይፎቹን ቁጥር፣ ጫፋቸው ወደየት እንደሚያመለክት፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ጻፉ። ከዚያ ሣሉ። ፎቶግራፍ የሚነሣው ከሥዕሉ በኋላ ነው፤ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ከፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ፣ ማስመሪያውን በጎን ይዛችሁ።

አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ግራጫና ቢጫ ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ ሰዎች የድንጋይ ሽበት የሚሉት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ቅርጹን ይሸፍናል ብሎ በጥፍር መፋቅ ቅርጹንም አብሮ ማንሣት ይሆናል።

ትርጉሙን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአካባቢው ሰይፎቹ የተቀበረው ጀግና የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ናቸው ይባላል፤ ክቦቹ የሴት ጡት ናቸው፣ ቅጠል መሰሉ ምልክት እንሰት ነው የሚሉም አሉ። ድንጋዮቹን ከግራኝ ዘመን ጋር የሚያያይዝ ትረካም ይነገራል። በቁፋሮ የተመረመሩት መቃብሮች ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚደርሱ ናቸው፤ የግራኝ ጦርነት ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተደረገ ነው። ሟቾቹ በጉልበታቸው ታጥፈው የተቀበሩና አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ትረካውን የሚነግርዎትን ሽማግሌ በዚህ አይሞግቱት። «አባባ፣ እርስዎ ይህን ከማን ሰሙት?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጻፉ፤ ሕዝብ ለመቃብር የሚሰጠው ትርጉም ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና።

ከመውጣትዎ በፊት በማግስቱ በንጋት መግባት እንደሚፈልጉ ለጥበቃውና ለትኬት ሠራተኛው ይንገሩ፤ ሳይነግሩ በጠዋት በር ማንኳኳት አይገባም። ከዚያ በቶሎ ወደ ቡታጅራ ይለፉ፤ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቡታጅራ ማደሪያ አይጠፋም፤ ቆጮና ክትፎውም በባለቤቶቹ አገር ስለሚበላ ጣዕሙ ሌላ ነው። ማረፍ የሚፈልግ ሰው ማስታወሻውን ሳያስተካክል እንዳይተኛ ግን አሳስባለሁ፤ በማግስቱ ምን መታየት እንዳለበት የሚወሰነው በዚያች ምሽት ነው።

በማግስቱ ንጋት

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጢያ እንዲደርሱ አድርገው ይነሡ፤ ይህ በመኪና ለመጣ ሰው የሚሆን ነው። በሚኒባስ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን መኪና ይጠብቅ፤ ሁለት ሰዓት እስኪሆን ድረስ ብርሃኑ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ትናንት በጥላ ውስጥ የነበሩት ገጾች አሁን ብርሃን ያገኛሉ። አሁንም ጥላ የማይለቀው ገጽ ካለ ነጩን ካርቶን ወይም መስታወቱን ከጎን ይዘው ብርሃኑን በገጹ ላይ በአግድም ያሳልፉት፤ ከፊት ለፊት ከመለሱት ግን እንደ እኩለ ቀን ፀሐይ ቅርጹን ያጠፋዋል። ትናንት ከሣሏቸው ሦስቱ ድንጋዮች መካከል አንዱን፣ የትናንቱን ሥዕል ሳይመለከቱ፣ እንደገና ይሣሉት፤ ትናንት ያላዩት ነገር መኖሩ አይቀርም።

አዳዲ ማርያም

ከጢያ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መልካ አዋሽ ከመድረስዎ በፊት በስተ ግራ ወደ አዳዲ የሚያስገባ ጥርጊያ መንገድ ያገኛሉ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይገባል። እዚህ ሰዓቱ አያስጨንቅም፤ እኩለ ቀን ላይ መድረስ ይቻላል፤ የሚታየው ነገር ያለው ከመሬት በታች ነውና።

ትውፊቱ ሥራዋን ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዐለቱ ሙሉ በሙሉ ያልተለየች፣ ዙሪያዋ በቦይ ተቆርጦ ውስጧ የተፈለፈለች ናት። ከዳር ሆነው ሲያዩ ጣሪያዋ ከሜዳው ጋር የተስተካከለ ስለሚመስል ልብ ያላለ ሰው አጠገቧ ሆኖ ሊፈልጋት ይችላል። መጀመሪያ ካህኑን ወይም መሪጌታውን ፈልገው ፈቃድ ይጠይቁ፤ የሚጠየቀውን ይክፈሉ፤ ጫማ ያውልቁ። ፎቶግራፍ ማንሣትና ባትሪ ማብራት የተፈቀደበትን ቦታ አስቀድመው ይጠይቁ። መቅደስ የማይገባበት መሆኑን ማሳሰብ ለአማርኛ አንባቢ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ አብረው የሚመጡ እንግዶች ካሉ ግን ከበር በፊት ይንገሯቸው።

ከተፈቀደልዎ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አጠጋግተው ወደ ጎን ያብሩት። በጢያ ፀሐይዋ የሠራችውን እዚህ ባትሪው ይሠራል፤ መጥረቢያና መሮ ያለፉበት መሥመር ይወጣል። መሥመሮቹ ወደየት እንደሚያዘነብሉ፣ ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ በአግድም፣ በማዕዘኑ ላይ እንዴት እንደሚጠጉ ይመልከቱ። በአንዳንድ ቦታ በ1990ዎቹ የተደረገው ጥገና ስለሚታይ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ጥሩ ልምምድ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ በቦዩ ጥግ ተቀምጠው የሚጸልዩ እማሆዮች አሉ።

ከአዳዲ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳያልፍ ቢነሡ ዓለም ገና በፀሐይ ይገባሉ።

ከተመለሱ በኋላ

በዚያው ምሽት፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ፎቶግራፎቹን በቦታና በሰዓት ለይተው ስም ይስጧቸው። «ጢያ፣ ሦስተኛ ድንጋይ፣ ምዕራባዊ ገጽ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ የተጻፈ አንድ ፎቶግራፍ ስም ከሌላቸው መቶዎች ይበልጣል። የሽማግሌዎቹን ቃል ለብቻው ጻፉት፤ ከቁፋሮው ከተገኘው እውቀት ጋር አትቀላቅሉት፤ በመካከላቸውም አንዱን ለማስተባበል አትቸኩሉ። በሥዕሉና በፎቶግራፉ መካከል ልዩነት ካገኛችሁ የትኛው እንደተሳሳተ ለመወሰን ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ አለ፦ በሌላ ወቅት፣ ፀሐይዋ በሌላ በኩል በምታዘነብልበት ወር፣ በዚያው ድንጋይ ፊት እንደገና መቆም።